ከቀለሙ ሥር ያለው ደም

የእህቴ እጆች እስከ አንጓቸው ድረስ ሰማያዊ ነበሩ። ሰማያዊ ስል የሰማዩን ዓይነት ማለቴ አይደለም። ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጥፍር ሥር ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ጥቁር የሚሆን ሰማያዊ ነው። ሳሙና አያስለቅቀውም። አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዛ ስትቆም አጠገቧ ያለው ሰው ልብሱን ሰብሰብ ያደርጋል። እሷም፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ደርቋል። እኔን እንጂ ሌላ ሰው አይወድም» ትለዋለች። ሰውየው ያፍራል፣ እሷ ትስቃለች።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነበርኩ። እህቴ ትምህርቷን ትታ ክር ማቅለሚያ ቤት ገባችና እኔን አሳደገች። እኔም ትንሽ ተማርኩና ተውኩት፤ ቤት የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እትዬ ነው የምላት። ማቅለሚያ ቤቱ ውስጥም ትልቁም ትንሹም እትዬ ስለሚላት የራሷ ስም ከጥቅም ውጭ ሆኖ ቀረ። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። «እጄን በቀን ብርሃን ያየው የሠርጉ ማግስት ነው፤ እስካሁን እየሮጠ ይሆናል» ትላለች ሰው ሲጠይቃት። ስታዝን አላየኋትም፣ ወይም ስታዝን እንዳላይ አድርጋ ይሆናል።

ማቅለሚያ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ ግቢ ነው። ከሥራቸው እሳት የሚነድባቸው ትላልቅ የብረት ገንዳዎች በአንድ በኩል ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ የሚወርድበት የሲሚንቶ ማለቅለቂያ አለ። ጥቅል ክር በእንጨት ዘንግ ላይ ይንጠለጠልና የሚፍለቀለቀው ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ገመድ ላይ ይሰጣል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ የላስቲክ ጓንት ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ጓንቶቹ ምስማር ላይ እንደተሰቀሉ አቧራ ጠጡ። ምክንያቱም እትዬ ክሩ ቀለሙን ጠጥቶ መጥገቡን የምታውቀው በጣቷ ነበር። ጥቅሉን ከገንዳው ብቅ ታደርግና በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ መሃል ታሸዋለች። ያልጠገበ ክር ይንሸራተታል፣ የጠገበው ቆንጠጥ ያደርጋል። በጓንት ይሄ አይታወቅም። ሌሎቹም ከእሷ ያዩትን አደረጉ። ቀኑን ሙሉ ከሚፋጀው ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደሚፋጀው።

ከሁሉም ርቃ ጥግ ላይ አንዲት ለብቻዋ የተቀመጠች ገንዳ ነበረች። ቀለሙ ተዘበራርቆ ዥጉርጉር ሆኖ የወጣ ክር ሲያጋጥም ወደ እሷ ይወሰዳል። ኮስቲክ ሶዳና አንድ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ይጠብቀዋል። ክሩ እዚያ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ቀለሙን ሁሉ ለቆ ንጣቱን ይዞ ይወጣል፤ እንደገና ይቀለማል። ሠራተኞቹ የምሕረት ገንዳ ይሏታል። የተበላሸ ሥራ ሁሉ ይቅር የሚባለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ሕመሙ መቼ እንደጀመራት በትክክል አላውቅም። እሷም አታውቅም። ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ስትነካ ጣቶቿ ድንዝዝ ይሉባት ነበር፤ ብብቷ ሥር ትወትፋቸውና «ተኙብኝ» ትላለች። የሌላ ሰው ጣት ደም ሲሸሸው ይነጣል፣ ዘመድ ያያል፣ «ምን ሆንሽ?» ይላል። የእሷ ግን ነጣ ወይም ጠቆረ ማን ያያል? ቀለሙ ሁሉንም እኩል አድርጎ ሸፍኖታል።

ያወቅነው በድንቡሽ በኩል ነው። ድንቡሽ የምንላት የእትዬ የሥራ ጓደኛ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። አንድ ቀን እትዬ የጋለው የገንዳ ጠርዝ ላይ እጇን አሳርፋ ከባለቤቱ ጋር ታወራለች። ድንቡሽ የሆነ ነገር ሸተታት።

«አንቺ እትዬ! ጣትሽ!»

«ምነው?»

«ምነው ትለኛለች እንዴ! እየተጠበሰ እኮ ነው!»

እትዬ ጎንበስ ብላ አየችው። እንደ ሌላ ሰው ጣት አየችው፣ አለች ድንቡሽ ስትነግረኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አነሳችውና፣ «እኔ ደግሞ ዛሬ ምሳ ማን አመጣ እያልኩ ነበር» አለች። ሁሉም ሳቀ። ድንቡሽ ግን አልሳቀችም፤ ማታውኑ ቤታችን መጥታ ለእኔ ነገረችኝ።

ጤና ጣቢያ ያየን ወጣት ሐኪም የአመልካች ጣቷን ጥፍር ተጫነና ለቀቀው። ደም ተመልሶ ቀይ ሲሆን ለማየት ነው። ሰማያዊ ተጫነ፣ ሰማያዊ ተመለሰለት። ደግሞ ሞከረ። «እናቴ፣ እኔ እዚህ ምንም ማየት አልችልም» አለና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈልን።

ትልቁ ሆስፒታል ያሉት ሐኪም ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ጫፎቹን በመርፌ ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሩን። ጣት ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ቧንቧዎች አሉ፤ የእሷ እየጠበቡና እየተዘጉ ነው። ደም አሁንም እስከ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ ቧንቧዎቹን የሚከፍት መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጣት ጣቶቿ ሊድኑ ይችላሉ። የማይደርስ ከሆነ ግን የሞተው ክፍል ሕያው የሆነውን ይዞ እንዳይሄድ መቆረጥ አለበት።

«ታዲያ ይደርሳል አይደርስም?» አለች እትዬ።

«እሱን ነው የምንለካው።»

መለኪያው ክፍል ትንሽ ናት፤ መስኮቷ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ሴት የእኔ እኩያ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትረሳዋለች። እትዬን ትራስ ላይ እጇን እንድታሳርፍ አደረገቻት። ሙቀቱ እኩል እንዲሆን እያለች ትንሽ አስቀመጠችን። ከዚያ የጥፍሯ ሥር ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል አድርጋ የመሣሪያውን ዐይን አስጠጋች። አጠገባችን ያለው ስክሪን ላይ የታየው ጨለማ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር መታየት የነበረበት?» አልኳት።

ሴትየዋ የራሷን ጣት አስገባች። ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ የተሰደሩ ቀያይ ጥምዝ ነገሮች ብቅ አሉ፤ የፀጉር ሽቦ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው የሆነ ነገር ይንሿሸሻል። ደም ነው። እንዲህ በዐይን ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ደም ሲፈስ ነው እንጂ ያየሁት ሲሄድ አይደለም።

«የእኔስ?» አለች እትዬ። «የእኔ ሽቦ አልቆ ነው?»

«ኧረ እህቴ፣ የእርስዎን ቀለሙ ሸፍኖት ነው። ቆይ በሌላው ልሞክር።»

ሌላው መሣሪያ ከላይ የተሰቀለ ነው። ቀይ ብርሃን እጅ ላይ ይለቃል፤ የማይሞቅ፣ የማያም ብርሃን። ሴትየዋ እየሠራች ታስረዳን ነበር። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ትንሽ ገባ ይልና ይመለሳል። ሲመለስ እንደተበተነ አሸዋ ፍንጥቅጥቅ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከሥሩ ደም የሚንቀሳቀስ ከሆነ አሸዋው ይርገበገባል፤ ደሙ ከቆመ አሸዋውም ዝም ይላል። መሣሪያው መርገብገቡን ይለካና በቀለም ያሳያል። ብዙ ደም ያለበት ቀይ፣ ትንሽ ያለበት ሰማያዊ።

«ሰማያዊማ ከሆነ» አለች እትዬ፣ «እኔ ከሞትኩ ቆይቻለሁ።»

ሴትየዋ ሳቀች። የኔን እጅ ከእትዬ እጅ ጎን አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ የእኔ እጅ ፍም መሰለ፤ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ ቀይ ናቸው። የእትዬ ግን እዚህም እዚያም ብልጭ እያለ የሚጠፋ፣ የተቀዳደደ ነገር ሆነ፤ ከአንጓዋ በላይ ቀይ፣ ከዚያ በታች ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ። ሴትየዋ መነጽሯን ፈለገች፣ ግንባሯ ላይ አገኘችው፣ አደረገችው፣ ደግማ አየች።

«ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል» አለች። «ደሙ ይኑር አይኑር ልነግርዎት አልችልም። ብገምት እዋሻለሁ። ቀለሙን አልፎ የሚያይ ሌላ ዓይነት ብርሃን አለ ይባላል፤ እኛ ጋ የለም።»

ሐኪሙ የወሰኑት ይሄንን ነው፦ ከቀለም ትራቅ፣ እጇን ታሙቅ፣ ቆዳው በራሱ ጊዜ እስኪታደስና ቀለሙ እስኪለቅ ትጠብቅ፣ ያኔ ይለካል። እስከዚያ የሚዋጥ መድኃኒትና የመመለሻ ቀጠሮ ሰጧት። «ሳይለካ አልቆርጥም፣ ሳይለካም ጠንካራውን መድኃኒት አልጀምርም። ደም በማይደርስበት ጣት ላይ መድኃኒቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም» አሏት።

ወደ ቤት ተመለስን። በራችን ጋ ስንደርስ፣ «ቀለሙ እስኪለቅ እኮ ጣቴ ቀድሞ ይለቃል» አለችኝ። ቀልዷ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። አልነበረም።

እሷን ቤት ማስቀመጥ ሥራ ነበር። እጇ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ሎሚ ቆርጣ ታሸዋለች፣ በአመድ ትፈትጋለች፣ በነጭ ጋዝ ትነክራለች። መዳፏ ላይ ያለው ትንሽ ፈዘዝ አለ፣ ጣቶቿ ላይ ያለው ግን ወይ ፍንክች። ቆዳዋ ውስጥ ኑሮ መሥርቷል። ሕመሙ ደግሞ እየባሰ ሄደ። ቀን ቀን ጣቶቿን በሁለት ጉልበቶቿ መሃል ጨምቃ ትቀመጣለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ትወዛወዛለች። ያቺ ሁሉን በቀልድ የምታልፍ ሴት ስትጠፋ ቤቱ ጭር አለብኝ። «ከውስጥ አንድ ሰው በወስፌ ይወጋኛል» ትለኛለች። «ከተወጋ እኮ ሕያው ነው ማለት ነው እትዬ» እላታለሁ። «እንጃ» ትላለች። «የሞተም የሚያም ይመስለኛል።»

የቀጠሮው ዋዜማ ዕለት ማቅለሚያ ቤት ልጠይቃቸው ብላ ሄደች። እኔ አልነበርኩም፤ የምጽፈው ድንቡሽ ኋላ እያለቀሰች የነገረችኝን ነው።

ሁሉንም ሰላም አለች፣ የአዲሷን ሠራተኛ ክር ነካ አድርጋ «አልጠገበም» አለች፣ ባለቤቱ ሻይ አስመጣላት። ከዚያ ጥግ ወዳለችው የምሕረት ገንዳ ሄደችና ከጎኗ ተቀመጠች። የዚያን ዕለት ተበላሽቶ የገባ ክር ነበር። ድንቡሽ ክሩን በዘንግ ስታወጣ እትዬ አፍጥጣ ታያለች። ጥቅሉ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አየሽው?» አለቻት። «እኔ ሎሚ ላይ ገንዘቤን እጨርሳለሁ፣ መፍትሔው ለካ እዚህ ተጎልቷል።»

«የምን መፍትሔ?»

«ክር ይነጣል አይደል? እጅ የማይነጣበት ምን ምክንያት አለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? ይሄ እኮ ለክር ነው! አንድ ጠብታ እግሬ ላይ ፈንጥቆ ስንት ጊዜ እንዳሳከከኝ አታውቂም?»

«አሳከከሽ እንጂ አልገደለሽም። ለአንድ አፍታ ነው። ነከር አድርጌ አለቀልቀዋለሁ።»

«እትዬ ተይ። በናትሽ ተይ። ሐኪሙን ጠይቂያቸው መጀመሪያ።»

«ሐኪሙ ክር አቅልመው ያውቃሉ?» አለቻትና ሁለት እጆቿን አስገባች።

ድንቡሽ ልትጎትታት ሞከረች። ግን ማን እትዬን ይጎትታል? እዚያ ቤት ሥራውን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። የትኛው ገንዳ ስንት እንደሚፈላ፣ የትኛው ክር ምን ያህል እንደሚቆይ እሷ ያለችው ነው የሚሆነው። «ምንም አያቃጥልም!» አለች እየሳቀች። አላቃጠላትም፤ እውነቷን ነው። ማቃጠሉን የሚነግራት የለም። ጣቶቿ መናገር ካቆሙ ቆይተዋል። ጥፋቷ ይሄ ነው የሚል ሰው ቢኖር እንኳ እኔ አልፈርድባትም። ዕድሜዋን ሙሉ የተበላሸ ነገር ሁሉ እዚያች ገንዳ ውስጥ ገብቶ ተስተካክሎ ሲወጣ ነው ያየችው።

ቤት ስትገባ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ «አንቺ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። ከዚያ ገልጬ ሳየው እናታችንን አየሁ። የእናታችን እጅ ነው፤ ያው ቅርጽ፣ ያው ረዥም ጣት፣ ቀላ ያለ። ያንን እጅ ከልጅነቴ ወዲህ አይቼው አላውቅም። «በምን አስለቀቅሽው?» ስላት «በሎሚ፤ በመጨረሻ ልብ ገዛ» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። እሷም ትንሽ አለቀሰች።

በማግሥቱ መሣሪያውን ለምታንቀሳቅሰው ሴትም ይሄንኑ ነገረቻት። «በሎሚ።» ሴትየዋ እጇን አገላብጣ አየችው። «ትንሽ ቀልቷል። ከመጠን በላይ አሽተውታል መሰለኝ» አለች። ደግሞ፣ «ሌላ ነገር አልተጠቀሙም?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ዐይኗን በጨው ታጥባ፣ «ሌላ ምን አለኝ?» አለች። ምክንያቱን በኋላ ነገረችኝ፤ እውነቱን ብትናገር «ሄደሽ ጠብቂ» ይሏታል ብላ ፈርታ ነው።

ብርሃኑ በራ። ስክሪኑ ላይ የእትዬ እጅ ብቅ አለ።

ቀይ ነው። መዳፏ ቀይ፣ ጣቶቿ ቀይ፣ የአመልካች ጣቷ ጫፍ ብቻ ወደ ቢጫ ይላል። እትዬ ስክሪኑን እያየች አፏን ያዘች። «ደሜ ነው?» አለች። «ይሄ ሁሉ የእኔ ደም ነው?» ሴትየዋም ደስ አላት፤ ግን ቅንድቧን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ በማጉያው ጥፍሮቿን ማየት ጀመረች። የፀጉር ሽቦዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱ አብጦ፣ አንዳንዱ ተበጥሶ፣ መሃላቸው ባዶ ሜዳ። «ይሄና ያኛው አይገጥምልኝም» አለች ቀስ ብላ። ሐኪሙን ጠራቻቸው። እሳቸውም አዩ፣ አሰቡ። ቧንቧዎቹ ተጎድተዋል፣ ግን ደም እየደረሰ ነው፤ እንሞክር አሉ። አስተኟትና መድኃኒቱን በደም ሥሯ ጀመሩላት።

ኋላ ሐኪሙ ሲነግሩን ነው የገባኝ። ቆዳ ሲቃጠል ሰውነት ያለ የሌለ ደሙን ወደዚያ ይልካል። መሣሪያው የለካው እሱን ነው። አልዋሸም፤ ደም ነበር። ግን ጣቷን ሊያኖር የመጣ ደም አልነበረም፤ እሳት ሊያጠፋ የተሯሯጠ፣ ከሌለው ላይ የተበደረ ደም ነበር። መለኪያው ደም መኖሩን እንጂ ለምን እንደመጣ አይናገርም።

ሁለት ቀን አልጋ ላይ እንደ ሙሽራ ነበረች። ለነርሶቹ ቀልድ ታወራለች፣ ጎኗ ለተኛችው አሮጊት ፀጉር ትጎነጉናለች፣ በነጭ እጇ። ከዚያ የጣቶቿ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ውሃ የቋጠረው ፈነዳ። ሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ መሆን ሲገባው ግራጫ ነበር። የጤነኛ ሰው ቁስል ቢሆን ደም እየመጣ ይጠግነዋል፤ የእሷ ጣቶች ውስጥ ያ የተሯሯጠ ደም አልቆ ተመልሷል፤ ሌላ የሚመጣ የለም። ቁስሉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ከዚያ መሽተት ጀመረ።

ሐኪሙ ሊያዩ መጡ፤ ሸተታቸው፣ ቆዳውን አዩ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ይሄ የሎሚ ቁስል አይደለም።»

እትዬ ግድግዳውን አየች። እኔ ገና ምንም አልገባኝም።

«ምን ውስጥ ነው የነከሩት?»

«ክር የምናነጣበት ውስጥ» አለች፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኖ። «ቶሎ እንዲለኩልኝ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «ትንሽ ብትጠብቂልኝ» ብቻ አሉ። አንቱ ማለቱን ረስተው ነው። 

እንደገና መለኪያ ክፍል ወረድን። አሁን የሚለካው ደም መኖሩ አይደለም፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። ሴትየዋ ፋሻውን ፈታች። ጥፋተኛ እንደሆነች ሁሉ ፊታችንን አታይም። ብርሃኑ በራ። በስክሪኑ ላይ የእትዬ ቀኝ እጅ መዳፉ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ። በአመልካች፣ በመሃል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣቷ ላይ ሰማያዊው ከሥራቸው ይጀምራል። አውራ ጣቷ ግማሽ ድረስ ቀይ ነው። ቀለሙ ሁሉ ከእጇ ለቆ፣ አሁን ደግሞ ሰማያዊው ስክሪኑ ላይ ነበር።

ሴትየዋ እስክሪብቶ አንስታ፣ ስክሪኑን እያየች፣ ቆዳው ላይ መስመር ማስመር ጀመረች። ሐኪሙ የሚቆርጡት በዚያ መስመር ነው።

«እህቴ» አለቻት እትዬ፣ «ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

«እህ?»

«መስመሩን። ወደ ጫፉ ትንሽ ከፍ አድርጊው። አውራ ጣቴ ብቻውን ምን ይይዛል? አመልካቿን ግማሽ እንኳ ተይልኝ። ይቺን ታህል።»

«እዚህ ጋ ደም የለም እናቴ። ብተወው አይድንም፤ ተመልሰው መምጣትዎ ነው።»

«ምናልባት ነገ ቢለካ ይኖር ይሆናል። እስቲ ላሙቀው። ትንሽ ላሙቀውና እንደገና አብሪው።»

ሴትየዋ አሞቀችላት። በሁለት እጆቿ መሃል ይዛ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ ያንን የሚሸት እጅ ሳትጸየፍ ይዛ ቆየች። ከዚያ እንደገና አበራችው። እትዬ ስክሪኑን እንጂ እጇን አላየችም። መስመሩ የነበረበት ነበር። ሦስተኛ እንድታበራላት ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«አስምሪው በቃ» አለች።

በነጋታው ተቆረጠ።

ይሄ ሲሆን ያልተለወጠ ነገር የለም ብል ውሸት ነው፤ ብዙው ነገር እንዳለ ነው። ማቅለሚያ ቤቱ ይሠራል። አዲሷ ሠራተኛ ክር አይታ እንጂ ዳስሳ አታውቅም፣ ሥራውም የባሰ አልተበላሸም፤ ይሄን ለእትዬ የነገረቻት ድንቡሽ ናት። ድንቡሽ አልፎ አልፎ ትመጣለች፣ ትቀልዳለች፣ እትዬ በጨዋ ደንብ ፈገግ ትላለች። ያንን ፈገግታ ስታይ ድንቡሽ ይብስ ታወራለች፤ ዝም ካለች ያቺ ገንዳ መሃላቸው መጥታ ትቀመጣለች መሰለኝ። እኔ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ፣ ቁልፏን እቆልፍላታለሁ። «እኔ ሳሳድግሽ እንዲህ አልተነጫነጭሽም ነበር» ትለኛለች ማበጠሪያው ሲይዛት። ከድሮው የቀረን ቀልድ ይሄ ነው፤ እሱንም በየቀኑ አይደለም።

ሐኪሙ ለግራ እጇም ቀጠሮ ሰጥተዋት ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ዓይነት በሽታ ነው፣ ቀኝ ግራ አይልም ብለዋል። ገንዳው ውስጥ ያስገባችው ሁለቱንም ነው፤ የግራው ቆዳ በስንት መከራ ድኗል፣ ቀለም ግን የለበትም። ስለዚህ አሁን በደንብ ይታያል። ባለፈው ስንሄድ ሴትየዋ ብርሃኑን ስታበራ ሦስታችንም ስክሪኑን አየን። ትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ሰማያዊ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀጠሮ አልነበረችም።

እትዬ አልደነገጠችም። እጇን ትራሱ ላይ እንዳሳረፈች፣ «ይሄኛውንስ ምን አድርጌው ነው?» ብላ ጠየቀች። ማንን እንደጠየቀች አላውቅም። ሴትየዋ ምንም እንዳላደረገች ነገረቻት፤ በሽታው ነው አለቻት፤ መድኃኒቱን በርትተው ይውሰዱ አለቻት። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ተቀብለን ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አላገኘንም። እኔ ብረቱን ያዝኩ፣ እሷ እኔን ያዘች።